የማይታየው ግማሽ

ሰኔ ግም ሲል ነው። ነፋስ ያዘመመውን የቤታችንን ዲሽ የሚያቃና ሰው ጠርቼ፣ እሱ ከቆርቆሮው ላይ፣ እኔ ከመሰላሉ ሥር ቆመናል። የእህቴ ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ፣ አንድ ዓይኗን ከእኛ ላይ አድርጋ፣ «አልመጣም... አልመጣም... መጣ!... ሄደ!» እያለች ታበስራለች። ሰውዬው ሳህኑን የአንድ ጣት ስፋት ታህል ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው ሥዕሉ ጥርት አለ።

ወርዶ እጁን እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ አንድ ዲግሪ ከሳትክ፣ እዚያ ላይ አገር ነው የምትስተው» አለኝ። ሒሳቡን ከፍ ለማድረግ ያመጣው ንግግር ስለመሰለኝ ሳቅኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ ዲሹ ወደሚያመለክትበት ደመና እያየች፣

«ጋሼ፣ ይቺ ሳተላይት እማዬንም ታያታለች?» አለችኝ።

እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ ቤይሩት ናት። ይህቺን ልጅ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ለእናቴና ለእኔ ትታ፣ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች አሥራ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ልጅ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ቶሎ ብሎ ደስ የሚለውን መልስ መስጠት የትልቅ ሰው ልማድ ነው። እኔም ሳላመነታ፣ «እንዴ፣ ምን ጥያቄ አለው! ሳተላይት እኮ ዓለምን በሙሉ ነው የምታየው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ የነገርከኝ ልክ አይደለም። የሒሳብ አስተማሪያችንን ጠየቅኳቸው። ሳተላይት ምንም ያህል ርቃ ብትወጣ፣ የመሬትን ግማሽ እንኳ ማየት አትችልም አሉኝ።»

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ስለራሴ ጥቂት ልናገር። እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። ጋዜጠኝነትን የመረጥኩት ጽሑፍ ስለምወድ ነው እያልኩ አወራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ምክንያት ሒሳብን መሸሽ ነው። ከሳይንና ከኮሳይን ጋር ከፈተና አዳራሽ ውጭ ተገናኝተን አናውቅም። ይህንንም እንደ ጀግንነት እየቆጠርኩ በቤታችን ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ልጅቷ የቤት ሥራዋ ሲያስጨንቃት፣ «ተይው፣ እኔን አታዪኝም? ያለ ትሪጎኖሜትሪ ይኸው ኖሬያለሁ» ብያታለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለውን ልትመርጥ፣ ቅጹ በደብተሯ መሐል ታጥፎ ተቀምጧል። «እንዳንተ ማኅበራዊ ብሞላ ይሻለኛል መሰለኝ» ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች። በቀልድ የዘራሁት እንደበቀለ የገባኝ ያን ቀን ነው።

«እስቲ ግማሹን የማታይበትን ምክንያት አስረጂኝ» አልኳት። ለማስተማር ዕድሜዬ ቢፈቅድም ዕውቀቴ አልፈቀደም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ?

ከጓዳ አንድ ብርቱካን አመጣች። ብርቱካኑ መሬት ነው። የስክሪብቶ ክዳን ሳተላይት ሆነ። ከክዳኑ ጫፍ ክር አሰረችና ወጥራ ስባ፣ የብርቱካኑን ልጣጭ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነክቶ እንዲያልፍ አደረገች። «ሳተላይቷ የመጨረሻውን መሬት የምታየው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ተጠማዞ ከሥር ይደበቃል» አለችኝ። እናቴ ከወዲያ ሆና፣ «ብርቱካኑን ከምትበሉት ምን ትቀይሱታላችሁ!» ትለናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብርቱካኑ እምብርት ተነስቶ ክሩ ልጣጩን እስከነካበት ነጥብ የሚደርስ መስመር እናስብ፤ ይህ የመሬት ሬድየስ ነው፤ በምድር ወገብ ላይ 6,378 ኪሎ ሜትር። ይህ መስመርና ክሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚፈጠረው ማዕዘን ምንጊዜም 90 ዲግሪ ነው። ሦስተኛው መስመር ከመሬት እምብርት ቀጥ ብሎ እስከ ሳተላይቷ ይወጣል። ርዝመቱ ሬድየሱ ሲደመር የሳተላይቷ ከፍታ ነው። እነሆ ባለ ቀጥታ ማዕዘን ሦስት ጎን ቆመ። ሳተላይቷ ዘንድ ያለው ማዕዘን ሳይን የሚገኘው ሬድየሱን ለዚህ ረጅም መስመር በማካፈል ነው። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። አሥራ ምናምን ዓመት የሸሸሁት ጭራቅ ይኸው ነበር።

የቴሌቪዥን ሳተላይቶች የሚቀመጡት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አንድ ዙር ለመዞር የሚፈጅባቸው ጊዜ መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከእኛ ሲታዩ አንድ ቦታ ላይ ተተክለው የቆሙ ይመስላሉ። ዲሻችን አንዴ ከተቃና የማይነቃነቀውም ስለዚህ ነው። 6,378 ሲደመር 35,786፣ 42,164 ይሆናል። 6,378 ለ42,164 ሲካፈል 0.151። ልጅቷ በሞባይሌ ካልኩሌተር የሳይኑን ግልባጭ አወጣች፤ 8.7 ዲግሪ። ይህ ከመሐል ወደ አንድ ጎን ያለው ነው፤ ሁለቱም ጎን ሲደመር 17.4 ዲግሪ።

ይህ ምን ያህል ነው? እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ጡጫዎን ቢጨብጡ፣ የጡጫዎ ስፋት ለዓይንዎ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ባሕሩ፣ በረሃው፣ ከተማው፣ ጦርነቱና ሠርጉ ሁሉ ያለባት ይህቺ መሬት፣ ከዚያ ሆነው ሲያዩዋት ሁለት ጡጫ አትሞላም። በብርቱካናችን ልኬት ደግሞ፣ ብርቱካኑ ስምንት ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ሳተላይቷ የምትቆመው ከልጣጩ አንድ ስንዝር ርቃ ነው።

ይህ ሦስት ጎን ከሳተላይት ዘመን በብዙ ይቀድማል። ከሺህ ዓመት በፊት አል ቢሩኒ የተባለው ሊቅ፣ ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር፣ ናንዳና በተባለ ምሽግ አጠገብ ካለ ተራራ ላይ ወጣ። ከፊቱ የተዘረጋው ሜዳ ከሰማይ ጋር የሚገጥምበት መስመር ከዓይኑ ልክ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ። ያገኘው ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ፣ 34 ደቂቃ የሚባል ማዕዘን ነው። በዚህችና በተራራው ከፍታ ብቻ የመሬትን ሬድየስ አሰላ፤ ውጤቱም ዛሬ ከምናውቀው ቁጥር እጅግ የተጠጋ ነበር። እሱ ከፍታውንና ማዕዘኑን ይዞ ሬድየሱን ፈለገ፤ እኛ ሬድየሱንና ከፍታውን ይዘን ማዕዘኑን ፈለግን። ሦስት ጎኑ ያው ነው፤ የእሱ ሳተላይት የገዛ እግሩ ነበር።

አሁን ወደ አስተማሪዋ ነገር እንመለስ። በሦስት ጎኑ ውስጥ አንዱ ማዕዘን 90፣ ሌላው 8.7 ከሆነ፣ በመሬት እምብርት ላይ ያለው ሦስተኛው 81.3 ዲግሪ ነው። ግማሹን መሬት ለማየት 90 መሙላት ነበረበት። ሳተላይቷን የፈለግነውን ያህል ብናርቃት ይህ ቁጥር ወደ 90 ይጠጋል እንጂ 90 አይሆንም። በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምታየው የመሬትን ገጽ 42 በመቶ ገደማ ነው። ከጨረቃ ላይ ሆኖ እንኳ ግማሹ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። «ዓለምን በሙሉ» ያልኩት ጎበዝ ሆይ፣ አፈርኩ።

አርተር ሲ. ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1945 «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ ሐሳቡን ሲጽፍ፣ እንዲህ ያሉ ሦስት ጣቢያዎች በእኩል ርቀት ቢቀመጡ ዓለምን ያዳርሳሉ ያለው ከዚሁ ስሌት ተነስቶ ነው። ሁለቱ አይበቁም፤ እያንዳንዷ ወደ ግራና ቀኝ 81.3 ዲግሪ ስለምትደርስ፣ ሁለቱ ተደምረው 325 ዲግሪ ያህል እንጂ 360 አይሞሉም። ሦስት ሲሆኑ ይበቃሉ፤ ያኔም ሁለቱ ዋልታዎች ይቀራሉ።

ክላርክ ከጻፈ ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሲንኮም 3 የተባለችው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ተተክላ በመቆም የመጀመሪያዋ ሆነች። የቶኪዮን ኦሊምፒክ ሥዕል ለአሜሪካ ያቀበለች እሷ ናት። በዚያ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ሲንኮም 3 የቆመችው ግን በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ በ180ኛው የኬንትሮስ መስመር አካባቢ ነበር። አዲስ አበባ በ39ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት። ልዩነቱ 141 ዲግሪ፤ ከ81.3 እጅግ የራቀ። የጀግናውን ከተማ የምታይበት መንገድ አልነበራትም። አበበ የሮጠባት ቶኪዮ በሚታየው በኩል፣ እልልታው የሚጠበቅባት አዲስ አበባ በማይታየው በኩል ነበረች።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ስሰብክ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና፣

«እሺ፤ ግማሹን አታይም። እማዬ ግን ከሚታየው በኩል ናት ወይስ ከማይታየው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ከመነሻው ይኸው ነበር። ዲሻችን ከዓመታት በፊት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት ዘንበል ብሎ፣ ከአግድመቱ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ያለ ነበር። በኋላ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሲዞሩ፣ እኛም ዲሹን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙረን 66 ዲግሪ ያህል ሰቀልነው። በመሬት እምብርት ላይ ሲለካ፣ ከዚያች ሳተላይት ሥር እስከ አዲስ አበባ 20 ዲግሪ፣ እስከ ቤይሩት 39 ዲግሪ ነው። ሁለቱም ከ81.3 በታች ናቸው። «እናትሽም እኛም ከሚታየው በኩል ነን» አልኳት፤ በዚህኛው ጊዜ አስልቼ ነው።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አላየቻትም?»

ያን ቀን ያለችው ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020። ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። በመጋዘን የተከማቸው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ያ ነጭ ደመና ሲያብጥ ደግመው ደጋግመው ያሳያሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እኔ ስልኩን ይዤ፤ እደውላለሁ፣ አይነሳም። በማግስቱ ወደቡ ከሳተላይት ሲታይ ምን ይመስል እንደነበረና ምን እንደሆነ፣ በፊትና በኋላ አድርገው አሳዩ። ልጅቷ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከስክሪኑ ፊት ተንበርክካ፣ «እማዬ የት ጋ ናት?» እያለች በጣቷ ግራጫውን ነገር ትነካካ ነበር። እህቴ የደወለችው በዚያው ቀን ማምሻውን ነው። የምትሠራበት ቤት መስታወቱ ረግፎ፣ እሷ ግን ደህና ነበረች።

ልጅቷ ይህን ረስታዋለች ብዬ ነበር። ለካስ ይዛው ኖራ ነው። ከተማዋን ሙሉ ያሳየ ዓይን እናቷን ያላሳየበት ምክንያት፣ ለአምስት ዓመት ማንም ሳይመልስላት የኖረ የቤት ሥራ ነበር።

በመጀመሪያ፣ የቴሌቪዥኗ ሳተላይት ዓይን እንደሌላት ነገርኳት። ከአንዱ የመጣላትን ሥዕል ተቀብላ ለሌላው ትመልሳለች እንጂ አታይም፤ «ታያለች» ስንል በመካከል የሚጋርድ የለም ማለታችን ነው። የሚያዩት ሌሎች ናቸው፤ ካሜራ የተሸከሙት ብዙዎቹ በቅርብ የሚበሩ ናቸው። አገራችንም አንዲት ነበረቻት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የተወነጨፈችው ኢቲ አር ኤስ ኤስ–1፤ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ የተሠራላት።

«የእሷንም እናስላው» አለች። ከፍታዋ 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብርቱካኑ ልኬት ከልጣጩ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ። 6,378 ለ7,006 ሲካፈል 0.910፤ ማዕዘኑ 65.55፤ ሁለቱም ጎን ሲደመር 131 ዲግሪ! ለዚያኛዋ ሁለት ጡጫ የማትሞላው መሬት፣ ለዚህችኛዋ የሥሩን ሰማይ ሁሉ ትሞላለች። ግን ተመልከቱ፤ በእምብርቱ ላይ የሚቀረው 24.45 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሊታያት የሚችለው የመሬት ገጽ 4.5 በመቶ አይሞላም። የቀረበ በዓይኑ ሙሉ ያያል፤ የሚያየው ግን ትንሽ ነው። የራቀ ብዙ ያያል፤ የሚያየው ግን ትንሽ ሆኖ ነው።

ካሜራዋ ደግሞ ከዚያችው ላይ ጠባብ መስኮት ከፍቶ ነበር የሚያነሳው። በሥዕሏ ውስጥ አንዷ ነጥብ በመሬት ላይ ወርዷም ቁመቷም 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 200 ካሬ ሜትር፤ የእናቴ ግቢ ያህል። ቤታችን፣ ዲሻችን፣ ጽዱ፣ እናቴ፣ እኔና እሷ ተደምረን አንድ ነጥብ ነን። ወደቡን ያሳዩት ካሜራዎች ከዚህ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ ቢሆንም ሰውን ለይተው «ይቺ እናትሽ ናት» አይሉም።

«አዲስ አበባ ላይ ሆና ቤይሩትን ታያለች?»

የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ፈልገን አገኘን። ይህ ስሌት ከፊተኛው ይከብዳል፤ አስተማሪዋ የሰጧትን ቀመር ይዛ ስትሠራ እኔ ቁጥር ከማንበብ በቀር አልረዳኋትም። ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ወጣላት። ከአዲስ አበባ እስከ ቤይሩት 25.04 ዲግሪ። ሳተላይቷ በትክክል ከአናታችን በላይ ስትሆን የምትደርሰው እስከ 24.45 ነው። የብርሃንን መጣመምና የሊባኖስን ተራሮች ትተን፣ የጎደለው ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በመሬት ላይ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከአዲስ አበባ ሞጆ እንኳ የማያደርስ።

ሁለታችንም ዝም አልን። እንዲህ ተጠግቶ መቅረት ከራቀው ይልቅ ይከነክናል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ታልፎ፣ ለሞጆ መንገድ እናቷ ከአድማሱ ሥር ቀረች።

ልጅቷ ግን እንደ እኔ አልቆዘመችም። እርሳሷን አንስታ፣ «ትንቀሳቀስ የለ?» አለች። እውነትም ትንቀሳቀሳለች። በዚያ ከፍታ የሚበር ነገር ጥላውን በመሬት ላይ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። 65 ኪሎ ሜትር ለሷ አሥር ሰከንድ አይሞላም። ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ስትጓዝ፣ አሥር እስክንቆጥር ቤይሩት ከአድማስ ብቅ ትላለች፤ እኛም ገና ከሥሯ ነን።

በነጋታው ቅጹን ሞልታ አሳየችኝ። የተፈጥሮ ሳይንስ ብላለች። «እንዳንተ» ያለችው ነገር ቀርቷል፤ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። እኔም በበኩሌ፣ ያለ ትሪጎኖሜትሪ ኖሬያለሁ የሚለውን ፉከራዬን አቁሜያለሁ። ኖሬያለሁ፤ ግን ምን ሳላይ እንደኖርኩ አላውቅም ነበር። የዲሹ ሰውዬም ይቅር ይበለኝ፤ አስልቼዋለሁ። እዚህ አንድ ዲግሪ የሳተ፣ እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። አገር ነው የምትስተው ማለቱ ትክክል ነበር።

እሑድ ማታ እህቴ ደወለች። ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ ስለ ቅጹም ስለ ፈተናውም ሳታነሳ፣

«እማዬ፣ ግማሽ ዲግሪ ብቻ እኮ ነው የጎደለው!» አለቻት።

«ግማሽ ዲግሪ ደግሞ ምንድነው እናቴ?»

«አሥር ሰከንድ ነው።»

ከወዲያ በኩል ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ እህቴ፣ ሁልጊዜ እንደምትጠይቀው፣ «ራትሽን በላሽ?» ስትል ሰማኋት።